ልጅ አልበላም ያሉት ጋሽ ነስሩ

ጋሽ ነስሩ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሳለን በአንድ ግቢ ጎረቤቴ የነበሩት እትዬ አስካለ ሥራ ቦታዬ ደውለው፣ "ትዕግስት፣ ጋሽ ነስሩ ማለፋቸውን ሰማሽ? ትናንት ከቀትር በኋላ ቀበሯቸው አሉ" አሉኝ። "አሉ" ማለታቸው አንጀቴን አሳረረው። ከእኛ መሐል በዓይኑ ያየ የለም ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤትና አንድ የግቢ በር ተጋርተን ኖረን፣ የመጨረሻውን ቀን ከሰው አፍ ሰማነው። ስልኩን ስዘጋ የማተሚያ ቤታችን ማሽን እየጮኸ ነው፤ አንድ ደንበኛ ደግሞ የሠርግ ጥሪ ካርዱን ቆሞ ይጠብቃል። ለማን ይነገራል? ጎረቤቴ ሞተ ብል፣ ነፍስ ይማር ብለው ወደ ሥራቸው ነው የሚመለሱት። እውነታቸውንም ነው። ጋሽ ነስሩን ያላወቀ ሰው ምን ብሎ ያዝናል?

ስለዚህ ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ነስሩ ማን ናቸው ብትሉኝ፣ የግቢያችን ጅብ ነበሩ እላችኋለሁ። ስድብ አይደለም፤ ሥራቸው ነበር።

ግቢያችን ዳገቱን ጨርሰው ሲወጡ ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥቶ የተቀመጠ የቀበሌ ቤቶች ግቢ ነበር። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ሳያንኳኳ ይገባል። ሲመሽ ከባሕር ዛፉ ውስጥ የጅብ ድምፅ ይሰማል፤ የእኛ ሰፈር ልጅ ጅብን የሚያውቀው በተረት ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ነው። የጋሽ ነስሩ ቤት መሐል ላይ ነው። ከእኛ ቤት ተነስቶ ግቢው መጨረሻ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ለመሄድ በእሳቸው በር ማለፍ ግድ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ዕድሜያቸውን በሙሉ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። አሰብን፣ ጅቡቲን፣ ሞያሌን ሰፈራቸውን ያህል ያውቃሉ። ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ በራቸውን ጎንበስ ሳይሉ አይገቡም። አንድ ጊዜ በረሃ ላይ ሞተር ግሎባቸው የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍቱ፣ የፈላው ውሃ ፊታቸው ላይ ፈንድቶ ግራ ጉንጫቸውን ልጦታል። ቆዳው ሲድን ተሸብሽቦ የአፋቸውን ጫፍ ወደ ላይ ስቦ አስቀረው። በዚህ የተነሳ ዝም ሲሉ የተቆጡ፣ ሲስቁ ደግሞ ሊናከሱ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ልጅ አልወለዱም። ባለቤታቸው ዘይነባ ያረፉት እኔ ወደዚያ ግቢ ከመግባቴ በፊት ነው። ደግ ሴት ነበሩ ይላሉ፤ እኔ የማውቀው ግን ከጋሽ ነስሩ አልጋ በላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፋቸውን ብቻ ነው።

ጅብነቱ እንዴት እንደተጀመረ ያጫወቱኝ እትዬ አስካለ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሳል ይዞት ሽሮፕ አልወስድም ብሎ አፉን ይቆልፋል። ለምነውት፣ ተቆጥተውት፣ ከረሜላ አሳይተውት እምቢ ሲላቸው ጊዜ በበሩ ብቅ ብለው፣ "ጋሽ ነስሩ! ኧረ ይምጡና ይህን ልጅ ይብሉልኝ!" ብለው ተጣሩ። ጋሽ ነስሩ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው "እህህ!" አሉ። ልጁ ሽሮፑን ከነማንኪያው ሊውጠው ምንም አልቀረው። ሹመቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸና።

ሥራው ደረጃ ደረጃ ነበረው። ምሳ አልበላም ለሚል ልጅ ጉሮሮ መጥረግ ይበቃዋል። ወደ አስፋልት ለሚሮጥ የቆርቆሮውን አጥር በከዘራ መምታት ያስፈልጋል። ገላዬን አልታጠብም ብሎ ግቢውን ለሚያምስ ደግሞ ካፖርታቸውን ደርበው ራሳቸው ብቅ ይላሉ። ልጃቸውን ክትባት የሚያስወጉ ቀን፣ "ጋሽ ነስሩ፣ ነገ ጠዋት ቤት አሉ?" ብለው ቀጠሮ የሚይዙ እናቶች ነበሩ። በደህናው ቀን እርስዎ የሚሏቸው እነዚሁ እናቶች ልጅ ሲያስፈራሩ፣ "ነስሩ መጣልህ! መጣልህ!" ይላሉ። መቼም ጅብን አንቱ የሚል የለም።

እኔም ስቄበታለሁ። አንድ ቅዳሜ ቧንቧው ጋ ተራ ስንጠብቅ፣ "ጋሽ ነስሩ፣ ይሄን ሥራ በደሞዝ ነው ወይስ በነፃ?" አልኳቸው።

"በምሳ ነው እንጂ" አሉኝ። "ማን ያበስልልኛል? ያስፈራራሁላት ሁሉ አንድ ሳህን ትልካለች።" ጄሪካናቸው ሲሞላ ክዳኑን ገጥመው ቀጠሉ። "ዘይነባ ከሄደች በኋላኮ ስሜን የሚጠራ ሰው ሳላገኝ የሚመሽበት ቀን ነበረ። አሁን በያለበት ጋሽ ነስሩ፣ ጋሽ ነስሩ ነው።"

ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው እንደነገርኳችሁ ነው። እኔም ቀልድ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

ልጄ ሊዲያ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ የመስክ ሥራ ስለሚሠራ ወር ሁለት ወር ይጠፋል፤ እኔ መገናኛ ሰፈር ሥራ ላይ ስውል የምትቆየው እትዬ አስካለ ጋ ነው። እትዬ አስካለ ልጅ ይወዳሉ፤ ሲያበሉ ጉርሻቸው አያልቅም፤ ሲደክማቸው ግን ጋሽ ነስሩን ይጠራሉ። የእሳቸው የልጅ ልጅ ፈርቶ ይሮጥና ኳሱን ሲያይ ይረሳዋል። ሊዲያ እንደዚያ አይደለችም። ያስፈራትን ነገር ይዛው ትተኛለች፣ ይዛው ትነሳለች። መጀመሪያ የእንጦጦ ጅብ ነበር፤ ከዚያ የሐኪም ነጭ ጋውን፤ ከዚያ ነጎድጓድ። እኔ ሰዓቴን ካሳለፍኩም እማዬ ጠፋች ብላ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። በዚያ ዕድሜ የማይፈራ ልጅ የለም፣ ሲያድጉ ይተዉታል ብዬ አልጨነቅም ነበር። አብዛኛውንም ተወችው። የጋሽ ነስሩ ግን አልለቅ አላት።

ሽንት ቤት መሄድ አቆመች። በዚያ በር ላለማለፍ ቀኑን ሙሉ ሽንቷን ይዛ ትውላለች፤ ማታ ልብሷ ላይ ያመልጣትና ታፍራለች። በፖፖ ስላት ትልቅ ልጅ ነኝ ብላ ታኮርፋለች። በኋላ ሆዷን ሲያማት፣ ስትሸና ስታቃስት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ አይታት፣ ሽንት ከመያዝ የመጣ ኢንፌክሽን እንደሆነ ነገረችኝና፣ "ግን ለምንድን ነው የምትይዘው?" አለቻት። ሊዲያ ወደ እኔ ተጠግታ በጆሮዬ፣ "ጋሽ ነስሩ በሩ ላይ ነዋ" አለችኝ።

ማንኛዋም እናት የምትለውን አልኳት። "ኧረ ምንም አያደርጉሽም! ሰው እኮ ናቸው፣ ሰው ልጅ አይበላም።"

"እትዬ አስካለ ይበላል ብላለች።"

እዚህ ላይ ምን ይባላል? እትዬ አስካለ ውሸታም ናቸው ብላት ነገ የምተዋት እሳቸው ጋ ነው። እውነታቸውን ነው ብላት ጋሽ ነስሩ ልጅ ይበላሉ። ዝም አልኩ፤ እሷም ዝምታዬን እንደ ማስረጃ ወሰደችው።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ወደ ጋሽ ነስሩ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጠው የሰንደል ጫማቸውን ማሰሪያ ይሰፋሉ።

"ጋሽ ነስሩ፣ ሊዲያ እርስዎን ፈርታለች።"

"አልሐምዱሊላህ! ሥራው እየሄደ ነዋ!"

"አልሄደም። ታመመችብኝ።"

ነገርኳቸው። ሽንት የሚለው ላይ ስደርስ ጫማውን መሬት አስቀመጡት።

"በእኔ?"

"በበርዎ ማለፍ ፈርታ ነው።"

ከዚያ ወደ መጸዳጃ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ አዲስ ነገር ይመስል ተመለከቱት። "ጨዋታ መስሎኝ ነበር እኮ" አሉ። "ሲሮጡ የሚስቁ ነው የሚመስለኝ። ከኋላው ስታይው የሚስቅ ልጅና የሚያለቅስ ልጅ ሩጫው አንድ ነው። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም።"

ተነስተው ጫማቸውን አደረጉ፤ አንዱ ማሰሪያው ገና አልተሰፋም። "ከዛሬ ጀምሮ ልጅ አልበላም" አሉ። የዚያኑ ቀን በየበሩ ዞረው ለእናቶቹ ሁሉ ይህንኑ ተናገሩ።

እናቶቹ ሳቁ እንጂ አልተቀየሙም። እትዬ አስካለ፣ "ጋሽ ነስሩ ጡረታ ወጡልህ!" ብለው ለግቢው አዳረሱት። ችግሩ፣ ጡረታው አልሠራም። ድሮ እሳቸው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የሚፈራው ልጅ፣ አሁን ዝም ስላሉ ባሰበት። "ነስሩ ተኝቷል፤ ከጮህክ ይነሳብሃል!" ይሉታል። "ነስሩ ሰሞኑን ልጅ አልበላም፣ ርቦታል፤ ዋ!" ያለችም አለች። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማቸዋል። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ በር ላይ አገኘኋቸውና፣ "ትዕግስት፣ ለካ እኔ አላስፈልግም፤ ስሜ ብቻውን ይሠራል" አሉኝ።

የሚጠራቸውም ሰው ቀረ። የግቢው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ለምን ብሎ ይጠራቸዋል? ሳህኑም በዚያው ሳሳ። ከእኔ በቀር እንዴት ዋሉ የሚላቸው አላየሁም። ጉንፋን ይዟቸው የሰነበቱ ጊዜ ደግሞ ሳላቸው ሳይሰማኝ ቢቀር የት ገባ ብዬ ልጠይቃቸው ስገባ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ትራስ አፋቸው ላይ ጭነው ያስላሉ። "ልጆቹ ይደነግጣሉ ብዬ ነው" አሉኝ። ያን ቀን ወጥቼ ቧንቧው ጋ ቆሜ አለቀስኩ።

ከሊዲያ ጋር ለመታረቅ ያልሞከሩት የለም። ከረሜላ ገዝተው ላኩላት፤ ማን እንደላከው ስታውቅ ከአፏ አውጥታ ጣለችው። ከሩቅ ሲያዩዋት ሳቁላት፤ ያ ሳቅ ደግሞ ከሳሉ ባሰ። እኔም የራሴን ሞከርኩ። አቅፌ ወደ በራቸው ወሰድኳትና፣ "በይ ሳሚያቸው! ጋሼን ሳሚ!" አልኳት። እንዲያ ነው ያደግነው፤ ልጅ እንግዳም ጎረቤትም ፊት ይገፋና ሳም ይባላል። ሊዲያ ትከሻዬን ነከሰችኝ። ጩኸቷ ዳገቱ ድረስ ተሰማ።

"ተያት! ኧረ ተያት ትዕግስት!" አሉ ጋሽ ነስሩ ወደ ውስጥ እያፈገፈጉ። "እኔ እንድትስመኝ አይደለም የምፈልገው፤ እንድትሸና ነው!"

የሚቀጥለው ቅዳሜ የሚቀመጡበትን ዱካ ይዘው ወጡ። ከበራቸው ርቀው ቧንቧው አጠገብ ካለው ግንብ ጥግ አስቀመጡት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግንቡ፣ ጀርባቸውን ወደ እኛ በር አድርገው ተቀመጡ። ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር መልቀም ጀመሩ። በማግስቱም እንዲሁ። ከሥራ በምመለስበት ሰዓትም እንዲሁ።

ግቢው በአንድ አፍ ጋሽ ነስሩ ትዕግስትን አኮረፏት አለ። ምን ያድርጉ? ጀርባ መስጠት እኛ አገር ሌላ ትርጉም የለውም። እትዬ አስካለ አንዲት ሌላ ጎረቤት አስከትለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ለሽምግልና ቤቴ ገቡ። "እኚህን የመሰሉ ሰው ምን ብትያቸው ነው? አንቺ ታናሽ ነሽ፤ ይቅርታ በያቸው" አሉኝ። ምንም አላልኳቸውም ብል ማን ይመነኝ። ሦስታችንም ወጥተን ከኋላቸው ቆምን።

"ጋሽ ነስሩ፣ ይታረቁ" አሉ እትዬ አስካለ።

"ከማን ጋር?" አሉ ሳይዞሩ።

"ይሄው ጀርባዎን ሰጥተዋት የለ?"

"ለእሷ አይደለም፤ ለልጅቱ ብዬ ነው። የምትፈራው ፊቴን ነው፤ ጀርባዬ ምንም አላደረጋትም። መጀመሪያ እሱን ቀስ ብላ ትልመደው። ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው፤ ፍሬን ላይ የቆመ ገደል ይገባል። አሁን ሂዱልኝ፤ በር ላይ ሆና እያየች ነው።"

እውነታቸውን ነው። ዘወር ስል ሊዲያ መጋረጃውን ይዛ በአንድ ዓይኗ ታያለች። ከዚያ በፊት እሳቸው ውጭ እያሉ በሩ አጠገብ ቆማ አታውቅም። ለካ የፈለገችው፣ የሚያያት ዓይን ሳይኖር እሷ እሳቸውን ማየት ነው። እኔ ያንን ሁሉ ወራት አትፍሪ እያልኩ ስጮህባት ከረምኩ እንጂ፣ ተረጋግታ የምታይበት ቦታ አልሰጠኋትም።

ጋሽ ነስሩ ምስራቸውን እየለቀሙ ለብቻቸው የሚያወሩ መስለው ጮክ ብለው ማውራት ጀመሩ። "ዛሬ ደግሞ ያቺ የጎረቤት ድመት ጣሪያዬ ላይ ወጣችብኝ። ድመት እፈራለሁ እኔ። መርፌም እፈራለሁ። ሊፍት የሚባለውንማ ስሙን አታንሱብኝ፤ አንድ ጊዜ ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት።" ቀኑን ሙሉ እንዲህ ይላሉ። መልስ የሚሰጣቸው የለም። ለሚያይ ሰው ደግሞ ያሳዝናሉ፤ አንድ ግዙፍ ሽማግሌ ከግንብ ጋር ያወራል።

አንድ ከሰዓት እኔ ቤት ውስጥ ልብስ ሳጥፍ ከበሩ፣ "ድመት አይፈራም!" የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። እጄ ላይ ያለው ልብስ እዚያው ቀረ።

"ማን ነው እሱ?" አሉ ጋሽ ነስሩ።

"አትዙር!"

"አልዞርም።"

"ድመት ሚያው ብቻ ነው የምትለው።"

"እንዲያ ነው? እኔ አላወቅሁም ነበር።"

በዚህ ተጀመረ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከበሩ ትርቃለች፤ መጀመሪያ ደረጃው ላይ፣ ከዚያ የልብስ ማስጫው ስር። አንድ ቀን በቀጥታ መጣችባቸው።

"ልጅ ትበላለህ?"

"በልቼ አላውቅም።"

"እትዬ አስካለ ይበላል ብላለች።"

እኔ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ነው። ጋሽ ነስሩ እፍኝ ምስር እያገላበጡ መለሱላት። "እትዬ አስካለ ሲደክማት ነው እንደዚያ የምትለው። እኔም ብቻዬን ስለሆንኩ እህህ እላታለሁ። እሷም ደክሟት፣ እኔም ብቻዬን ሆኜ ነው እንጂ፣ ማንም ማንንም አይበላም።"

ሊዲያ ትንሽ አሰበችበት። "አሁን ብቻህን ነህ?"

"አሁንማ አንቺ አለሽ።"

ከዚያ በኋላ ሽንት ቤት መሄድ ጀመረች። መጀመሪያ እጄን ይዛ፣ ከዚያ እኔን በር ላይ አቁማ፣ በመጨረሻ ብቻዋን። ስታልፍ፣ "አትዙር!" ትላለች። "አልዞርም!" ይላሉ። ስትመለስም እንዲሁ። እትዬ አስካለ እንኳ ይህን እያዩ ሳያስቡት ተዉት፤ ጋሽ ነስሩን መጥራቱ አፋቸው ላይ ሲመጣ ሲመልሱት አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ሊዲያ ነጎድጓድ ሰምታ ስትደነግጥ አይዞሽ ምንም የለም ማለቱን ትቼ አጠገቧ ዝም ብዬ መቀመጥ ተማርኩ። ምንም የለም ማለት ለፈራ ሰው ብቻህን ነህ ማለት ነው መሰለኝ።

ልጄ ዳነችልኝ። ጋሽ ነስሩ ግን ከግንቡ ጋር እንደተፋጠጡ ቀሩ። ሊዲያ አሁን ከኋላቸው ቆማ በትከሻቸው በኩል እጇን ሰዳ ከሰፌዱ ላይ ጠጠር ትለቅምላቸዋለች፤ ጭንቅላታቸው ላይ ያለውን ቆብ ታስተካክልላቸዋለች፤ ፊታቸውን ግን አላየችም። አንድ ቀን ስትተኛ ጠብቄ፣ "አሁንማ ቢዞሩ ምንም አትልም እኮ" አልኳቸው።

"ሳትለኝ? አይሆንም። አልዞርም ብያታለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"ትዕግስት፣ ልጅ ፊት ለፊት አይቶኝ ሳይሮጥ የቀረበትን ቀን አላስታውስም። ፊቴ ከተቃጠለ ጀምሮ የለም። አንድ ልጅ ቆሞ ቢያየኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽሽም። ግን ዞሬ ብትሮጥስ? አሁን ያለኝንም አጣለሁ።" ይህን ሲሉኝ እንኳ በልማድ ወደ ግንቡ ነበር የሚያዩት።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለልማት ይነሳል ተባለ። መጀመሪያ ወሬ ነበር፤ ከዚያ አጥሩ ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ። እኛ ወሰን የሚባል ሰፈር ቤት ተከራየን። እትዬ አስካለ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሆነ። ለጋሽ ነስሩ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አንድ ክፍል፣ ላይኛው ፎቅ።

"ቧንቧው ቤት ውስጥ ነው አሉ፤ ሽንት ቤቱም ቤት ውስጥ ነው" አሉን።

"ታድለው!" አሉ እትዬ አስካለ ከልባቸው።

"አዎ፣ ታድዬ" አሉ ጋሽ ነስሩ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "በሬ ላይ የሚያልፍ ሰው አይኖርም ማለት ነው" አሉ። እትዬ አስካለ የሰሟቸው አልመሰለኝም።

ከሦስታችን ቀድመው የወጡት እሳቸው ናቸው። ያከራዩት ትንሽ የጭነት መኪና ጠዋት መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ሹፌሩ የማያውቃቸው ጎረምሳ ነው። ዕቃቸው ብዙ ስላልሆነ ቶሎ አለቀ። የቀረው የተጠቀለለ ፍራሽ ብቻ ነበር፤ ጋሽ ነስሩ እሱ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንደ ወትሮው ጀርባቸውን ለእኛ በር ሰጥተው። ግማሹ ግቢ ፈርሶ ከፊታቸው የነበረው ግንብ እንኳ የለም፤ ባዶውን ሜዳ ነበር የሚያዩት።

ሊዲያ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ ወጣች። ሄዳ ከኋላቸው ቆመች።

"ጋሽ ነስሩ።"

"አቤት።"

"ዙር።"

አልዞሩም። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ስንት ጊዜ የጠበቁትን ቃል ነው የሰሙት።

"ዙር አልኩህ እኮ።"

"አሁን አይደለም፣ ልጄ። ትንሽ ቆዪ" አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር ጊዜ ገባኝ። ያንን ፊት በዕንባ አድርገው ሊያሳዩአት አልፈለጉም። ልጠራት አንድ እርምጃ ስራመድ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አስቆሙኝ።

ሊዲያ ግን መጠበቅ ሰለቻት። ፍራሹን ዞራ ሄዳ ፊት ለፊታቸው ቆመች። እኔ ካለሁበት የሚታየኝ የእሳቸው ጀርባና የእሷ ፊት ነው። አየቻቸው። ልብሴን ጨምድጄ ይዤ የምትሮጥበትን ቅጽበት እጠብቃለሁ። አልሮጠችም። ተጠግታ ጣቷን ወደ ግራ ጉንጫቸው ዘረጋች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሙቅ ውሃ ነው።"

"እኔንም ሻይ አቃጥሎኛል" አለችና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየቻቸው። ተያዩ። ከዚያ፣ "ማን አስፈራህ?" አለቻቸው።

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ?"

"የምሄድበትን ቤት ፈርቼ ነው።"

"ጅብ አለው?"

"የለውም።"

"ውሻስ?"

"የለውም።"

"ምን አለው?"

"ምንም የለውም። እሱን ነው የፈራሁት።"

አይዞህ ትላቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ወጥታ ተቀመጠች፤ እግሯ መሬት አይደርስም። "እኔም ስፈራ እማዬ እንዲህ ነው የምትሆነው" አለች። ከዚያ ሁለቱም ዝም ብለው ቁጭ አሉ። ሹፌሩ ክላክስ ሲያደርግ ነው የተነሱት።

ፍራሹ ተጫነ። ጋሽ ነስሩ ሁላችንንም ስመው ጋቢና ገቡ። መኪናው መንቀሳቀስ ሲጀምር በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

"ትዕግስት! አየችኝ እኮ!"

"አየችዎት፣ ጋሽ ነስሩ!"

አንገታቸውን መልሰው ወደ ሹፌሩ ዞሩና ለእሱም፣ "አየችኝ" ሲሉት ሰማሁ። ሹፌሩ ማን እንዳየቻቸው አልጠየቀም፤ መሪውን አዙሮ ይዟቸው ሄደ።